በደብረ ማርቆስ ግቢ የታሰረው ጀርመን ሼፐርድ፦ አንድ ጥያቄና ሃያ አራት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ። ጥያቄውን ያቀረበው በደብረ ማርቆስ የሚኖር ነጋዴ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣው ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ሰባት ወር ሞልቶታል። ውሻው ቀን ቀን ከማድቤቱ ጎን ካለው የብረት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ የግቢው በር ሲዘጋ ይለቀቃል። ባለቤቱ እንደሚለው ሲለቀቅ የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ እየጎተተ ያወርዳል፣ የጎመን መደቡን ይቆፍራል፣ ልጆቹ ላይ ዘሎ ይወጣል፤ ሲታሰር ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፣ በምሰሶው ዙሪያ ያለው አፈር እስኪቦረቦር ድረስ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ጎረቤቶቹ ቅሬታቸውን ነግረውታል። አንዱ ሰንሰለቱን አሳጥረው፣ ሌላው ምግቡን ቀንስበት፣ ሌላው ደግሞ ለገበሬ ስጠውና ተገላገል ብሎ መክሮታል። እርሱ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ይህ ጠባይ ከዝርያው ነው ወይስ ከአያያዙ? ቀኑን ሙሉ ሱቅ የሚውል ሰውስ እንዲህ ያለውን ውሻ በኃላፊነት ማሳደግ ይችላል ወይ?

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በዚህ ጥያቄ ሥር የተጻፉትን ተከታታይ መልሶች፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተከታትየዋለሁ፤ እኔም በባሕር ዳር ከዚሁ ዝርያ የሆነች ሴት ውሻ ስለማሳድግ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አቀርባቸዋለሁ። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውምና ባንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ፈጥኜ አልፋለሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው መላሽ ጠያቂውን ወንድም ዓለም እያለ በትሕትና ነው የጀመረው። ውሻው የከፋ ሳይሆን ጉልበቱን የሚያወጣበት ያጣ ነው የሚል እምነት አለው፤ ስለዚህ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቱ በፊት፣ ማታም ከዘጋ በኋላ በማሰሪያ ይዞ ከግቢ እንዲያወጣው መከረ። ሰንሰለቱን ማሳጠር ጩኸቱን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም አለ። ምክሩ ትክክል ቢሆንም፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት መንገድ ለሚለው ሌሎች እስኪመጡ መጠበቅ ነበረብን።

2ኛ መልስ። ደምበጫ አካባቢ ገጠር ያደገ ሰው ነው። በአባቱ ቤት ውሾች ቀን ታስረው ሌሊት በረቱን ከጅብና ከሌባ ሲጠብቁ እንደኖሩ፣ ማንም በማሰሪያ ይዞ ሲያንሸራሽራቸው እንዳላየ፣ ውሻ በበላበት እስከጮኸ ድረስ ሥራውን እንደሠራ አስረዳ። የፈረንጅ ውሻ ስለሆነ ብቻ የፈረንጅ ኑሮ ይኑር ማለት አይዋጥለትም። መልሱ ቅን ነው፤ ብዙዎቻችን ከዚያ ቤት ነው የመጣነው።

3ኛ መልስ። ከሞጣ የጻፈው ሰው 2ኛውን በአክብሮት አረመ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም መልሶች ይህኛው የጉዳዩን ሥር የነካ ይመስለኛል። የገበሬው ውሻ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል የሚለው እውነቱ ግማሽ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ብዙው ከእረኛው ጋር ይወርዳል፣ ከብቱን ተከትሎ መስኩን ያካልላል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ማታ ሲመለስ ደክሞ ይተኛል። ቀጥሎም የጀርመን ሼፐርድን አመጣጥ ተረከ። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለው የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዝቶ የዝርያው የመጀመሪያ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ይፈልግ የነበረው ከበግ መንጋ ጋር ቀኑን ሙሉ ሳይታክት የሚውል ውሻ ነበር። በጎቹ የሚግጡት አጥር በሌላቸው የእህል ማሳዎች መካከል በመሆኑ፣ የውሻው ሥራ በመንጋውና በአዝመራው መካከል ባለው ድንበር ላይ ያለማቋረጥ እየተመላለሰ በጎቹ ወደ ሰው እህል እንዳያልፉ መከልከል ነበር። በክረምት ከብቱ ጤፍና በቆሎ ውስጥ እንዳይገባበት ድንበር ላይ ቆሞ የዋለ የጎጃም እረኛ ይህን ሥራ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እንግዲህ በምሰሶው ዙሪያ የተቦረቦረው አፈር፣ በ3ኛው መላሽ አስተያየት፣ የክፋት ምልክት አይደለም፤ ውሻው ድንበሩን እየጠበቀ ነው፣ የሚጠብቀው መንጋ ግን የለም።

4ኛ መልስ። በ3ኛው ከተስማማ በኋላ ይህን ውሻ ሰጥቶ በምትኩ የቤልጅየሙን ማሊኑዋ ማምጣት ይሻል እንደሆነ ጠየቀ፤ ፖሊሶች ዘንድ አይቶ ወዶታል። 5ኛዋ መላሽ በመንገዳቸው ላይ መለሱለት፦ ማሊኑዋ ከጀርመን ሼፐርድ የባሰ ሥራ የሚፈልግ ውሻ ነው፣ ለአንዱ ጊዜ ያጣ ሰው ለሌላው አያገኝም።

5ኛ መልስ። ይህን የጻፉት ሴት የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም እትዬ ዶክተር እያለ ነው ያነጋገራቸው። የ1ኛውን ምክር ተቀብለው ልክ አበጁለት። የዚህ ዝርያ ወንድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ተዘግቶ እስኪጠነክር ግን ከ12 እስከ 18 ወር ሊወስድ ይችላል። የሰባት ወር ውሻ ቁመቱ የትልቅ ውሻ ቢመስልም መገጣጠሚያው ገና የግልገል ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወጣቶች እንደሚያደርጉት ከሞተር ሳይክል ወይም ከባጃጅ ኋላ አስሮ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ማስሮጥ፣ ከግንብ ማዘለል፣ ደረጃ ማመላለስ ክልክል ነው። በዝርያው ውስጥ በዘር የሚወረስ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ስላለ፣ ከመጠን ያለፈ ሩጫና ከመጠን ያለፈ ክብደት ችግሩን ያባብሱታል። የሚሻለው በአፈርና በሣር ላይ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚሆን ጉዞ ነው፤ ውሻው ቆሞ ሲያሸት ማሰሪያውን መጎተት አይገባም፣ ማሽተት ለእርሱ ዋናው ሥራ ነውና። ሌላም ጨመሩ፦ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ በልቶ ወዲያው ከሮጠ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፣ ይህም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጉዞ፣ ከዕረፍት በኋላ ምግብ። ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርዱትም ውሻ ሙቀቱን የሚያስወግደው በአብዛኛው በማለክለክ ስለሆነ በደጀን በኩል ከሰዓት በኋላ ውሻ ይዞ መውረድ አደገኛ መሆኑን አሳሰቡ።

6ኛ መልስ። ከፍኖተ ሰላም የጻፈው ሰው የሐኪሟን የማሽተት ነገር በተግባር አሳየ። ሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳዎችን አፋቸውን ወደ ታች ደፍቶ ይደረድራል፤ በአንዱ ሥር የጣት ጫፍ የምታህል የተቀቀለ ሳንባ አለች። ውሻው ተቀምጦ እንዲጠብቅ ይነገረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱንም በእግሩ እየመታ ይበትናቸው ነበር፤ በኋላ ግን አፍንጫውን ወደ ጣሳው ጠርዝ አስጠግቶ፣ አቧራው ከትንፋሹ እስኪቦን ድረስ ቶሎ ቶሎ እያሸተተ፣ ባዶውን አልፎ ወደሚቀጥለው መሄድን ተማረ፤ ሲያገኛትም ጣሳውን ሳይነካ ቁጭ ብሎ የባለቤቱን ፊት ያያል። ከዚያ ጣሳዎቹ ወደ ገለባ ክምር፣ ገለባው ወደ ጓሮ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀየረ። ሩብ ሰዓት እንዲህ የሠራ ውሻ አንድ ሰዓት ከሮጠው ይልቅ ጸጥ ብሎ እንደሚተኛ መላሹ መሰከረ። ከራሴ ውሻ ያየሁትም ይህንኑ ነው፤ ቀኑን ሱቅ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር በክሩ ውስጥ አልተሰጠም።

7ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ጣሳና ሳንባ የልጆች ጨዋታ ነው ሲል አጣጣለ። ውሻ ኃይለኛ የሚሆነው ጆሮው ሲቆረጥ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ሲያድግ፣ ከባለቤቱ በቀር ሰው ሳያይ ሲቀርና በጥቂቱ ሲራብ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚዳብሰው ውሻ ለሌባ በር ከፋች እንደሆነ ጻፈ።

8ኛ መልስ። የተቆጣ መልስ ነው፤ ጸሐፊው አንቱታውን ጥሎ አንተ እያለ 7ኛውን ሞገተው። ጆሮ መቁረጥ ግልገሉን ከማሠቃየትና ቁስሉን ለዝንብ ከመስጠት በቀር የሚያመጣው ኃይለኛነት የለም አለ። የተራበና ጨለማ ውስጥ ያደገ ውሻ ጠባቂ ሳይሆን ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንም፣ እንግዳውንም፣ የቤቱን ሕፃንም ሳይለይ ይነክሳል። ቁጣውን አልነቅፍም፤ ስድብ የሚመስለውን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ባያክልበት ግን ይሻል ነበር።

9ኛ መልስ። በሕግ ሙያ የተሰማራ ሰው ክርክሩን ወደ ሌላ በኩል ወሰደው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። ማለትም በሩ ተከፍቶ መገኘቱን አላወቅሁም፣ ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም የሚለው መከላከያ ዋጋ የለውም። 7ኛው ሰው ሆን ብሎ የሚያከፋውን ውሻ ዕዳ የሚከፍለው ራሱ ነው ሲል ደመደመ። በክሩ ውስጥ ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ከተከታዮቹ መልሶች ያስታውቃል።

10ኛ መልስ። 7ኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ሕጉን አልተቃወመም፤ ነገር ግን ሱቁ ሁለት ጊዜ በሌሊት እንደተሰበረ፣ ውሻ የሚያሳድገው ለመዝናናት እንዳልሆነ ገለጸ። ይህን ሲጽፍ ድምፁ ከመጀመሪያው ረገብ ያለ ነበር፤ ስጋቱም እውነተኛ ስለሆነ መልስ ይገባው ነበር።

11ኛ መልስ። መልሱን የሰጠችው ከእንጅባራ የጻፈች እናት ናት። ግልገል ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ግድም ባለው ጊዜ ያየውን ሰው፣ ድምፅና እንስሳ እንደ ዓለሙ ክፍል ይቀበለዋል፤ በዚያ ጊዜ ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል። ስለዚህ የእርሷን ውሻ በግልገልነቱ አቅፋ ገበያ ዳር ቁጭ ትል ነበር፤ ነጠላ የለበሰ፣ ጃንጥላ የዘረጋ፣ ፈረስ የጋለበ፣ በርሜል የሚያንከባልል ሁሉ በፊቱ ያልፋል። ዛሬ ቀን በእንግዳ ላይ አይጮኽም፤ ሌሊት በአጥሩ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ሲመጣ ግን ድምፁ ሰፈሩን ያስነሳል። የተለመደውን የሚያውቅ ውሻ ያልተለመደውን ይለያል የሚለው ነጥቧ ለ10ኛው ከበቂ በላይ መልስ ነው።

ይህችው እናት ሌላ ነገርም ነገረችን። የጎረቤቷ ልጅ ኳሱን ሊያነሣ ሄዶ ታስሮ የሚውል ውሻ ነከሰው። ውሻው አልተከተበም ነበር። ቤተሰቡ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ወሰዱት፣ ክትባቱንም ጨረሰ፣ ልጁም ደኅና ነው።

12ኛ እና 13ኛ መልስ። 12ኛው ሰው ለእብድ ውሻ በሽታ ጠበል እንደሚበቃ፣ አያቶቻችን መርፌ እንዳላወቁ ጻፈ። ይህ ክሩን ሊያበላሽ የሚችል ጉዳይ ነበር፤ 13ኛው መላሽ ግን፣ ራሱም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኑን ገልጾ፣ በታላቅ ጥንቃቄ ያዘው። ጠበሉን ማንም እንደማይከለክል፣ ነገር ግን የበሽታው ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለክትባቱ የተሰጠ ጊዜ እንደሆነ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት እንደሚቻል አስረዳ። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ቶሎ ጤና ተቋም መድረስ፣ የነከሰውን ውሻ ሳይገድሉ ለይቶ 10 ቀን መከታተል፤ ጸሎቱና ጠበሉ ከዚህ ጋር አይጣሉም። እትዬ ዶክተርም በአጭሩ ገብተው ሰውን ለሞት የሚያበቃው የዚህ በሽታ መነሻ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የውሻ ንክሻ መሆኑን፣ ግልገል በሦስት ወሩ ተከትቦ በዓመቱ መደገም እንዳለበት አከሉ። 12ኛው ሰው 13ኛውን አመሰገነ። በኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አዘውትሬ ስለማላይ ደስ ብሎኝ ነው የማወሳው።

14ኛ መልስ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠያቂው ያላነሣውን፣ በእኛ አገር ግን የማይቀረውን የምግብ ጉዳይ አስቀደምኩ። ብዙ የሚሮጥ ውሻ ብዙ ሥጋ ነክ ምግብ ይፈልጋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን ከቤት የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ብቻ ይሆናል፣ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። ሽሮው ራሱ ችግር አለው፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚጎዱ ዕለት ዕለት ወጥ የነካው እንጀራ መስጠት ቀስ በቀስ ያዳክመዋል። በጾም ውስጥ እንቁላል ገዢው ስለሚቀንስ ቀቅሎ ከድንችና ከገብስ ቂንጬ ጋር መስጠት ይቻላል፤ በባሕር ዳር ደግሞ ከጣና የሚወጣው ዓሣ አለ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ቀቅሎ መስጠት ነው። የዶሮም ሆነ የሌላ የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ በማናቸውም ጊዜ መሰጠት የለበትም።

15ኛ መልስ። አንዲት የቤት እመቤት ከምግቡ ይልቅ የድስቱ ነገር እንዳሳሰባት ጻፈች። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት በሚለይበት ቤት፣ በሁዳዴ ለውሻ እንቁላል መቀቀል እናቷን አስቆጥቷል። ውሻ አይጾምም ብላ ብትከራከርም አልሆነም። በመጨረሻ ለውሻው የራሱ ብረት ድስት ተገዝቶ ከማድቤቱ ውጭ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀቀልለት ጀመር፤ እናቲቱም ተስማሙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ውሻ የሚያሳድገው አንድ ሰው ሳይሆን ቤተሰቡ ሁሉ ነውና፣ የቤቱን ሥርዓት ያላከበረ አያያዝ ውሎ አድሮ ውሻውን ወደ ሰንሰለት ይመልሰዋል።

16ኛ መልስ። ከቡሬ የጻፈ ሰው ከቄራ ሳንባና ጉበት በነፃ እንደሚያገኝና ጥሬውን እንደሚሰጥ ተናገረ። እትዬ ዶክተር በ17ኛው መልስ ሳይቆጡ ግን ሳያለዝቡ አስቆሙት። በበግና በከብት ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሥጋ ጥሬውን ለውሻ ሲሰጥ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጆች እጅና በጓሮ ጎመን በኩል ወደ ሰው ይገባል፣ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ ማውጫውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ሳንባው በደንብ ይቀቀል፣ ከረጢት ያለበት ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር፣ ውሻውም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይውሰድ። የጠያቂው ውሻ የጎመን መደብ እንደሚቆፍር ያስታወሰ ሁሉ ይህን መልስ ደግሞ ያነበበው ይመስለኛል።

18ኛ መልስ። ወደ መዥገርና ቁንጫ አዘነበለ። አንድ ሰው የከብት መዥገር ማጥፊያ በግምት በጥብጦ ውሻው ላይ እንደሚያፈስ፣ አይቨርሜክቲን የተባለውን የከብት መድኃኒትም በመርፌ እንደሚያስወጋ ጻፈ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ የከብት መጠን ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ኮሊና ተዛማጅ የእረኛ ዝርያዎች አይቨርሜክቲን አንጎላቸው ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው መከላከያ በዘር ሊጎድላቸው ስለሚችል ይንዘፈዘፋሉ፣ ይሞታሉም። የውሻ መድኃኒት በውሻው ክብደት ተለክቶ በባለሙያ ይሰጥ፤ ከክረምት ጉዞ ሲመለሱም ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መካከል በእጅ መዳሰስ ዋጋ የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው።

19ኛ መልስ። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም እኔ አልወጣም እላለሁ። ጸሐፊው የጮቄ ተራራ ግርጌ ተወላጅ ነው። በጮቄ ድሮ ቀይ ቀበሮ ይኖር እንደነበር፣ መኖሪያው በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ ሄዶ ዛሬ ከዚያ ተራራ እንደጠፋ አስታወሰ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ይህ እንስሳ አሁን በብዛት የሚገኘው በባሌ ተራሮች ሲሆን፣ በዚያም ከውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እ.ኤ.አ. ጨምሮ በተለያዩ ጊዜያት ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ያልተከተበ ውሻን ጉልበት ያውጣ ብሎ ተራራ ላይ መልቀቅ ጉዳቱ ከባለቤቱ ግቢ እንደሚያልፍ ነው ያሳየን። 20ኛው መላሽ ግን ስለ ቀበሮ ሌላ ክር ይከፈት፣ ወደ ጠያቂው እንመለስ ሲል ቈረጠ ያለ ማሳሰቢያ ጻፈ። በተጨማሪም ልቅ ውሻ በከተማ ምን እንደሚጠብቀው ከራሱ ሰፈር ነገረን፦ ባለቤት አልባ ውሾችን ለማስወገድ የተጣለ መርዝ የተቀባ ሥጋ ከግቢ ያመለጠ የጎረቤቱን ውሻ ገድሎታል፤ ሌሊት ወደ ከተማ የሚገባው ጅብም አለ።

21ኛ መልስ። ከሁሉም የተሳለው ይህ ነው። ጸሐፊዋ ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ስለ ውሻ እንቁላልና ሳንባ መወያየት ኅሊናን አይቆረቁርም ወይ ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የተሰጧት መልሶች አብዛኞቹ ቁጡ ነበሩ፤ አንዱ ብቻ፣ 22ኛው፣ ተረድቷታል። ለዚህ ዝርያ ጊዜ፣ ምግብና ክትባት ማቅረብ የማይችል ሰው ለክብር ወይም ለታይታ ብሎ ማምጣቱ ራሱ ስሕተት እንደሆነ፣ የሐበሻው ውሻ በጥቂት ምግብና በአገሩ አየር የሚጠነክር ጥሩ ጠባቂ ሆኖ ሳለ በሺዎች የሚቆጠር ብር አውጥቶ የማይንከባከቡትን መግዛት ኃላፊነት እንደጎደለው በግልጽ ጻፈ። ነገር ግን አንዴ ከመጣ በኋላ ውሻው አስመጡኝ አላለምና፣ ዕዳው የአምጪው ነው። ጸሐፊዋ ለዚህ አልመለሰችም። እኔ ግን በ22ኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ግልገል ለመግዛት ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው የቀኑን ሰዓት እንዴት እንደሚያሳልፍ ነው፤ ስለ ግቢው ስፋት የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

23ኛ መልስ። ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ሁሉንም እያመሰገነ ያደረገውን ዘረዘረ። ሰንሰለቱ ወርዷል፤ በጓሮው በኩል በወፍራም ሽቦና በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ፣ ጥላና ውኃ ያለው ስፍራ ተሠርቶለታል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እርሱ ራሱ ከከተማው ወጣ ብሎ በአፈር መንገድ ይዞት ይሄዳል፤ ቅዳሴ የሚሄዱ ምእመናንን እንዳያስደነግጥ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለውን መንገድ ትቷል። ከሰዓት በኋላ የእኅቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጣሳውን ሥራ ያሠራዋል። ቁፋሮው ቀንሷል፤ የጠዋቱ ጩኸት ግን አሁንም አለ፣ ዘሎ መውጣቱም አልቀረም። ለዚህ እትዬ ዶክተር አራቱም እግሩ መሬት ላይ ሲሆን ብቻ እንዲዳበስ፣ ሲዘል ግን ቤተሰቡ በሙሉ ጀርባውን እንዲያዞር፣ አንዱ ልጅ ብቻ እንኳ ሥርዓቱን ቢያፈርስ ውሻው ያንን እንደሚማር ነገሩት። ጠያቂው አያይዞ ቡሬ አካባቢ ሰፊ እርሻ ያለው ዘመዱ ውሻውን እንዲሰጠው እየወተወተው መሆኑን አነሣ። 3ኛው መላሽ ሰፊ እርሻ በራሱ መልስ እንዳልሆነ፣ ዘመድየው ውሻውን ከእርሱ ጋር ይዞ የሚውል ከሆነ ይታሰብበት፣ ከጎተራው ሥር የሚያስረው ከሆነ ግን የምሰሶው ቦታ ተቀየረ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር እንደሌለ ጻፈለት። ጠያቂው እስከ ክረምት አብሮት እንደሚያቆየው አስታወቀ።

24ኛ መልስ። ጠያቂው የእብድ ውሻ ክትባት ሊያስከትብ ሲሄድ ብልቃጡ የአሥር ውሻ በመሆኑና አንዴ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ ስላለበት ለአንድ ውሻ ብቻ እንደማይከፈትለት ተነግሮት ነበር። ስለዚህ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ባለቤቶች በመጪው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ውሾቻቸውን ይዘው እንዲገናኙ ሐሳብ ቀረበ። እትዬ ዶክተር ውሾቹ ተራርቀው እንዲቆሙ፣ ጠንካራ ማሰሪያና የአፍ መሸፈኛ እንዲኖራቸው፣ ጤና ያጣ ውሻ በዕለቱ እንዳይመጣ አሳሰቡ። 10ኛው ሰው፣ ያው ሱቁ የተሰበረበት፣ የእርሱንም ውሻ እንደሚያመጣ አስመዘገበ፤ 8ኛው ደግሞ የአፍ መሸፈኛ ከሌለው እንደሚያውሰው ጻፈለት። እስከ አሁን ስምንት ውሾች ተመዝግበዋል፤ ክሩ ሁለት ተጨማሪ ባለቤቶችን እየጠበቀ ነው።